የኤሮል ፍሊን ሕይወት፤ እውነቱና ተረቱ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ ስመ ጥር ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቻችን ነገሥታትንና ሊቃውንትን ተሻምተው ስለ ጨረሱብን እኛ የሲኒማ ሰው መረጥን። እርሱም ሰይፍ ይዞ ከመርከብ ወደ መርከብ ሲዘል የምናውቀው ኤሮል ፍሊን ነው። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ይህ ሰው ለወጣቶች ምሳሌ የሚሆን ኑሮ አልኖረም። መጠጥ ያበዛ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አገባ፤ ዕዳውንም ሳይከፍል ከአገር የወጣበት ጊዜ አለ። ታዲያ ስለ ምን መረጣችሁት የሚለን ቢኖር፣ ባጠፋው ላይ ያላጠፋው ተጨምሮበት ስላገኘነው ነው። ያንንም ከላዩ ያነሡለት ፊልሞቹን የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያውን ተረት ያወራው የገዛ አሠሪው ነው። የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ በ1935 ወደ ሆሊውድ ባመጣው ጊዜ አየርላንዳዊ ነው እያለ በጋዜጣ አስነገረ። እውነቱን ለማግኘት ግን ካርታውን ወደ ታች ዘልቆ ማየት ያስፈልጋል። ፍሊን በሰኔ 20 ቀን 1909 የተወለደው ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ በምትገኘው በታስማኒያ ደሴት፣ ሆባርት በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ቴዎዶር ቶምሰን ፍሊን እንቁላል እየጣሉ ልጆቻቸውን ጡት የሚያጠቡትን እንግዳ እንስሳት የመረመረ የታወቀ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበር። ኋላ በአየርላንድ ደሴት በቤልፋስት ዩኒቨርሲቲ ስላስተማረ ለኩባንያው ወሬ ሰበብ ሳይሆን አልቀረም። እንዲህ ካለው ሊቅ የተወለደው ልጅ ከሲድኒ ትምህርት ቤት ተባረረ። (መምህሮቻችን ይህን ለምን ጻፋችሁ ብለው እንዳይቆጡን እንለምናለን።)

በ1927 ወደ ኒው ጊኒ ሄደ። ያ አገር ጥቅጥቅ ያለ ጫካና ረግረግ የበዛበት፣ ወርቅ ፈላጊ ሁሉ የሚጎርፍበት ነበር። ፍሊንም ከወርቅ ፍለጋ እስከ ትምባሆ እርሻ ያልሞከረው ሥራ የለም፤ የከበረበት ግን አንድም አልነበረም። በ1930 ሲሮኮ በተባለች አሮጌ የሸራ ጀልባ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ከሲድኒ ተነሥቶ ኒው ጊኒ ድረስ ቀዘፈ፤ የዚህንም ጉዞ ታሪክ በ1937 በመጽሐፍ አሳተመው። ወባም የያዘው በዚያ አገር ሳለ ነው። ይህችን ወባ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1933 ቻርልስ ቾቬል የተባለ አውስትራሊያዊ የፊልም አዘጋጅ ስለ ባውንቲ መርከብ ዓመፅ ለሚሠራው ፊልም ተዋናይ አደረገው። ከዚያም በእንግሊዝ አገር በኖርዛምፕተን ቴአትር ቤት ጥቂት ወራት ተማረ። ሆሊውድ ሲደርስ ዕድል ቀናው። ካፒቴን ብለድ ለተባለው ፊልም የታሰበው እንግሊዛዊው ሮበርት ዶናት ሳይመጣ በመቅረቱ፣ ስሙን ማንም ለማያውቀው ለፍሊን ደረሰው። አብራው የሠራችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ስትሆን ሁለቱ በጠቅላላው በስምንት ፊልሞች ተገናኝተዋል። በ1938 የወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም በቀለም የተሠራና ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ሲሆን ሦስት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ። እኛም ይህን ፊልም ስናይ፣ ሰውየው አጋዘን ተሸክሞ ወደ ልዑሉ ግብዣ ሲገባ አብረነው የገባን ይመስለናል።

እንግዲህ ወደ ወባዋ እንመለስ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በደረሰ ጊዜ የሆሊውድ ተዋናዮች ብዙዎቹ ዘመቱ። ፍሊንም በ1942 የአሜሪካን ዜግነት ተቀብሎ ለመዝመት ቀረበ፤ ሐኪሞቹ ግን መለሱት። ልቡ ታማሚ ሆኖ ተገኘ፤ በሳንባው ነቀርሳ ነበረበት፤ ወባውም ይመላለስበት ነበር። በዚያው ዓመት የቦክሰኛ ታሪክ ሲሠራ በሥራ ላይ ወድቆ ነበር። ኩባንያው በሽታው እንዳይነገር አደረገ፤ ብርቱ ነው ተብሎ የተሸጠ ጀግና ሕመምተኛ ነው ከተባለ ገበያው ይበላሻልና። ስለዚህ ሕዝቡ፣ በፊልም የሚዋጋው ሰው በእውነተኛው ጦርነት ቤቱ ቀረ ብሎ አማው። በ1945 በበርማ ስለሚዋጉ የአሜሪካ ወታደሮች የሚናገር ፊልም ሲሠራማ ነገሩ ባሰ። በበርማ ብዙ ደም ያፈሰሱት እንግሊዞች ተረስተው ድሉ ለአሜሪካ ብቻ ተሰጠ ተብሎ በእንግሊዝ አገር ቁጣ ተነሣ፤ ፊልሙም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሲኒማ ቤቶች ወጥቶ እስከ 1952 ሳይታይ ቆየ። ድርሰቱ የፍሊን አልነበረም፤ የተሰደበው ግን እርሱ ነው። እኛ እንደሚመስለን ከኖረው ኑሮ ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ አንዲት ቃል ተናግሮ ራሱን ነፃ ማውጣት ሲችል፣ የሚበላው እንጀራ ያችን ቃል ከለከለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁል ነው። በ1943 ከባድ ክስ ቀርቦበት በዳኞች ፊት ነፃ ተባለ፤ ስሙ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ1953 በገዛ ገንዘቡ የጀመረው የዊልያም ቴል ፊልም ገንዘብ አልቆ ሳይፈጸም ቀረ። በጥቅምት 14 ቀን 1959 ዛካ የተባለችውን መርከቡን ሊሸጥ በሄደበት በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ በሃምሳ ዓመቱ ሞተ።

ሞቶም አላረፈም። በ1980 ቻርልስ ሃይም የተባለ ጸሐፊ ፍሊን የናዚዎች ሰላይ ነበር የሚል መጽሐፍ አወጣ። ለዚህ ሐሜት መነሻ አልጠፋም፤ ፍሊን ከኒው ጊኒ ጀምሮ የሚያውቀውና በ1937 ወደ ስፔን አብሮት የሄደው ኦስትሪያዊው ሐኪም ኸርማን ኤርበን በእውነት የናዚዎች ሰው ነበር። ልጆቹ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የሞተ ሰው ስሙ ጠፋ ተብሎ ክስ አይቀርብለትም በማለት መዝገቡን ዘጋ። ሕጉ እንዲህ ካለ ለሙት ጠበቃ የሚቆም ማን ነው?

የቆሙት ፊልሞቹን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ከነርሱ አንዱ ቶኒ ቶማስ ነው። ይህ ሰው በ1969 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የፍሊንን ፊልሞች በሙሉ በአንድ መጽሐፍ ዘርዝሮ ነበር፤ በ1990 ደግሞ ሃይም የጠቀሳቸው የመንግሥት ወረቀቶች ሰላይነቱን እንደማያስረዱ የሚገልጽ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ሃይም ራሱ ፍሊን ሰላይ ነበር ብሎ በግልጽ የሚናገር ወረቀት እንደሌለው አምኗል። ጆን ሐሞንድ ሙር የተባለ የታሪክ ጸሐፊም በ1975 የፍሊንን የአውስትራሊያና የኒው ጊኒ ዘመን መርምሮ ጻፈ። እነዚህ ሰዎች ዕዳውንና ስካሩን አልደበቁለትም፤ ፍሊን ስለ ራሱ የጻፈውንም እንዳለ አልተቀበሉትም።

በሆባርትም፣ ኩባንያው አልተወለደባትም ባላት በዚያች ከተማ፣ ሳንዲ ቤይ በሚባለው ሰፈር በባሕሩ ዳር ያለች አንዲት መናፈሻ በስሙ ተጠርታለች።