ኒኮላይ አኒችኮቭ

ኒኮላይ ኒኮላየቪች አኒችኮቭ (1885 - 1964 እ.ኤ.አ.) የሩስያ ሐኪምና የፓቶሎጂ ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ኮሌስትሮል በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ተከማችቶ በሽታ እንደሚያመጣ በጥንቸሎች ላይ በሙከራ በማሳየቱ ነው።

ትምህርት

አኒችኮቭ የተወለደው በሴንት ፒተርስቡርግ ከተማ ነው። በዚያው ከተማ በወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ተምሮ በ1909 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በ1912 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት፣ የልብ ጡንቻ ሲቆጣ የሚታዩ ልዩ ሕዋሳትን ገለጸ። እነዚህም እስከ ዛሬ የአኒችኮቭ ሕዋሳት ይባላሉ። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን በሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመምም ይገኛሉ።

የጥንቸሎቹ ሙከራ

ቀደም ሲል በ1908 እ.ኤ.አ. አሌክሳንድር ኢግናቶቭስኪ የተባለ የሩስያ ሐኪም ጥንቸሎችን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት መግቦ የደም ቧንቧቸው ሲጎዳ አይቶ ነበር። ምክንያቱ ግን ፕሮቲን ይመስለው ነበር። አኒችኮቭና ባልደረባው ሴምዮን ኻላቶቭ ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ አበባ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች ሰጡ። ዘይቱን ብቻ የተመገቡት ጥንቸሎች ጉዳት አልደረሰባቸውም። ኮሌስትሮል በተጨመረላቸው ግን የትልቁ ደም ቧንቧ (አኦርታ) ግድግዳ በስብ ተሞላ።

የስቡን ዓይነት ለመለየት የረዳው ብርሃን ነው። በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ ብርሃን፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከኮሌስትሮል የተሠሩት ጠብታዎች በጨለማ መደብ ላይ ያበራሉ። ውጤቱ በ1913 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ታተመ።

ጥርጣሬው

ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን በአይጥና በውሻ ደግመው ተመሳሳይ ጉዳት ሳያገኙ ቀሩ። እነዚህ እንስሳት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ ለውጠው በቀላሉ ስለሚያስወግዱ በደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ብዙም አይጨምርም። ይህ ልዩነት በጊዜው ስላልታወቀ ግኝቱ ለአሥርተ ዓመታት ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ከእርሱ በኋላ

በ1950 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆን ጎፍማንና ባልደረቦቹ ኮሌስትሮል ተሸካሚ ቅንጣቶችን በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ለይተው፣ ብርሃን ሲያልፍባቸው እንዴት እንደሚታጠፍ በመመዝገብ መጠናቸውን ለኩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ኤልዲኤል የተባለው ቅንጣት ኦክሲድ ሲሆን ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳት ያለ ልክ እንደሚውጡትና በስብ እንደሚሞሉ ታወቀ። አኒችኮቭ በጥንቸሎቹ ደም ቧንቧ ያያቸው በስብ የተሞሉ ሕዋሳት እንዲህ ያሉ ነበሩ። ኤልዲኤል ኦክሲድ መሆን ሲጀምር 234 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን አብልጦ ስለሚመጥ፣ ለውጡ በቤተ ሙከራ በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። በተለመደው የሐኪም ቤት ምርመራ የሚለካው ግን የኤልዲኤል ኮሌስትሮል መጠን ነው።

አኒችኮቭ ከ1946 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ኅብረት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በትውልድ ከተማው፣ በዚያን ጊዜ ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው፣ አረፈ።