መከሩን ሳያይ የተመለሰው ሸክላ ሠሪ

ዛሬ የአንድ ሰው ሕይወት ልነግራችሁ ነው። ሊዮናርድ ዶበር ይባላል። ብዙዎቻችሁ በሚሽን ጉባኤ ላይ ታሪኩን ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለት ወጣቶች ወንጌልን ለባሪያዎች ለማድረስ ሲሉ ራሳቸውን ለባርነት ሸጡ ተብሎ ይነገራል። ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን እንደዚያ አልሆነም። እውነተኛው ታሪክ ጩኸቱ ያነሰ ነው፤ ለእኔና ለእናንተ ግን ይበልጥ ይከብዳል። እስቲ ተከተሉኝ።

ዶበር እ.ኤ.አ. በ1706 በደቡብ ጀርመን ተወለደ፤ ሙያው ሸክላ ሠሪነት ነበር። በወጣትነቱ ሄርንሁት ወደምትባል መንደር መጣ። ይህችን መንደር የመሠረቷት በእምነታቸው ምክንያት ከሞራቪያ ተሰደው በካውንት ዚንዘንዶርፍ ርስት ላይ የተጠጉ ሰዎች ናቸው። አስተውሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ።

በ1731 ዚንዘንዶርፍ ለንጉሥ የዘውድ በዓል ወደ ኮፐንሀገን ሄደ። እዚያም አንቶን ከሚባል ጥቁር አገልጋይ ጋር ተገናኘ። አንቶን የመጣው የዴንማርክ ቅኝ ከነበረችው ከሴንት ቶማስ፣ ከካሪቢያን ደሴት ነው። እኅቱ አና እና ወንድሙ አብርሃም እዚያው በባርነት ቀርተዋል። የእግዚአብሔርን ቃል የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ይህ ወሬ ሄርንሁት ሲደርስ ዶበር በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጣ። አንቶን ራሱ ወደ መንደሩ መጥቶ፣ ባሪያዎቹ ቀንና ሌሊት ስለሚሠሩ እንደ እነርሱ ባሪያ ካልሆነ በቀር ማንም ሊያስተምራቸው እንደማይችል ተናገረ። ዶበር ለዚያም ዝግጁ ነኝ አለ። ጉባኤው ግን ቶሎ አላመነም፤ አንድ ዓመት አስጠበቀው። በመጨረሻ ዕጣ ተጣለና እንዲሄድ ወጣለት።

ነሐሴ 21 ቀን 1732 ከአናጺው ዳዊት ኒችማን ጋር ጥቂት ሳንቲም ይዘው በእግራቸው ተነሡ። ኮፐንሀገን ሲደርሱ ብዙ ሰው አልገባውም። ነጭ ሰው ባሪያ ሆኖ መግባት እንደማይፈቀድለት እዚያ ተነገራቸው። ኒችማንም፣ እንግዲያው በአናጺነት እሠራለሁ አለ። የዴንማርክ ኩባንያ መርከቦች አልወሰዷቸውም፤ አንድ የሆላንድ መርከብ ተቀበላቸው። ጥቅምት 8 ቀን ተነሥተው ከዘጠኝ ሳምንት በላይ በባሕር ላይ ቆይተው ታኅሣሥ 13 ቀን ሴንት ቶማስ ደረሱ።

ወገኖች፣ ደሴቲቱን በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱ። ትንሽ ናት፤ ተራራማ ናት። ከወደቡ ጀርባ በየገደሉና በየሸለቆው የሸንኮራ አገዳና የጥጥ እርሻ ተዘርግቷል። በየእርሻው የባሪያዎች ጎጆዎች አሉ። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ሁሉ መካከል መጀመሪያ የፈለጉት አናንና አብርሃምን ነው። የአንቶንን ደብዳቤ አነበቡላቸው። ምሥራቹ ለእነርሱም እንደሆነ ሲረዱ፣ በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ሰዎች በደስታ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ከበደ። ለሸክላ ሥራ የሚሆን ጥሩ አፈር በደሴቲቱ አልተገኘም፤ የዶበር ሙያ ከንቱ ሆነ። ኒችማን በአናጺነት ሁለቱንም አበላ፤ በ1733 የጸደይ ወራት ወደ አገሩ ተመለሰ። ዶበር ብቻውን ቀረ። በንዳድ ታመመ። የደሴቲቱ ገዥ ጋርደሊን የቤቱ ኃላፊ አድርጎ ሾመው፤ ጥሩ ምግብ፣ ጥሩ ማደሪያ አገኘ። ሆኖም የመጣለት ሕዝብ በጎጆ ውስጥ ሳለ እርሱ በገዥው ማዕድ መቀመጡ አላስቻለውም። ሹመቱን ትቶ ወጣ። የጥጥ እርሻ ዘበኛ ሆነ። በተሰባበረ የሆላንድ ቋንቋ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት ከጎጆ ወደ ጎጆ እየሄደ ተናገረ።

በዚያው ዓመት ገዥው በባሪያዎች ላይ እጅግ ጨካኝ ሕግ አወጣ። በኅዳር ወር በጎረቤት ደሴት በሴንት ጆን ባሪያዎች ተነሡ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1734 ከሄርንሁት መልእክት መጣ፤ ዶበር የጉባኤው ዋና ሽማግሌ ሆኖ ተመርጧል፣ ይመለስ የሚል። ነጻ ያወጣውን ካርሜል ኦሊ የሚባል ልጅ ይዞ ሄደ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በደሴቲቱ ላይ አንድ ሰው እንኳ አላጠመቀም። የሰሙት ጥቂት፣ ያመኑት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች በደሴቲቱ ላይ የተጠመቁት በ1736፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያም በፍሪድሪክ ማርቲን አገልግሎት በመቶዎች መጡ። ከነጻ ወጪዎች መካከል ርብቃ የምትባል ወጣት ሴት የተራራውን መንገድ በእግሯ እየወጣች በየእርሻው ለሴቶች አስተማረች። መከሩን ያዩት እነዚህ ናቸው። ዶበር በ1766 ሄርንሁት አረፈ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም። ያው ሚሽን ከዶበር በኋላ የራሱን እርሻ ገዛ፤ በእርሻው ላይ ባሪያዎችም ነበሩ። ለባሪያዎች ባሪያ ልሁን ባለ ሰው የተጀመረ ሥራ የባሪያዎች ጌታ ሆነ። አያችሁ፣ ጥሩ አጀማመር ለሚቀጥለው ትውልድ ዋስትና አይሆንም። ከገዥው ማዕድ መነሣት በየትውልዱ እንደ አዲስ የሚደረግ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በሌሊት ፈረቃ በዘበኝነት የምትሠሩ፣ በሰው ቤት የምታገለግሉ፣ አገራችሁ የተማራችሁት ሙያ እዚህ አፈር ያጣባችሁ አላችሁ። ይህ ጊዜ ባከነ አትበሉ። ዶበር ዘበኛ ሆኖ ነው የተናገረው። የተመቻችሁ ደግሞ አላችሁ፤ ለእናንተ ጥያቄው ሌላ ነው። የመጣችሁበት ሕዝብ ጎጆ ውስጥ ሳለ የተቀመጣችሁት በማን ማዕድ ነው? ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መትከልና ስለ ማጠጣት የጻፈውን በዚህ ሳምንት አንብቡት። የሚያሳድገው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ፣ የተከላችሁት ሳይበቅል ብትሄዱም በሰላም ትሄዳላችሁ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።