ባለ ብዙ መልኩ ተዋናይ ሎን ቼኒ

ስለ ታላላቅ ተዋንያን ሲነገር ብዙ ሰው የሚያነሣው የድምፃቸውን ማማርና የንግግራቸውን ለዛ ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥሁት ያለ ድምፅ ሰውን ሲያስፈራና ሲያስለቅስ የኖረውን አሜሪካዊ የቴአትርና የሲኒማ ተዋናይ፣ ሎን ቼኒን ነው።

ሎን ቼኒ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1883 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም መስማት የማይችሉ ስለ ነበሩ በቤታቸው ነገር የሚነገረው በእጅና በፊት ነበር። እናቱ በቁርጥማት ታማ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ሕፃኑ ትምህርቱን ትቶ ያስታምማት ጀመር፤ በመንደሩ ያየውንም ሁሉ የሰዎቹን አካሄድና አኳኋን እያስመሰለ ያሳያት ነበር። እንደ እኔ አስተያየት የመጀመሪያው ቴአትር ቤቱ ይህ የእናቱ መኝታ ክፍል ነው።

ካደገ በኋላ ከተዘዋዋሪ የቴአትር ጓዶች ጋር እየዞረ ሲያስቅ፣ ሲዘፍንና ሲጨፍር ቆየ። በ1913 በሆሊዉድ የሲኒማ ሥራ ጀመረ። በዚያን ዘመን ፊልም ድምፅ አልነበረውምና የቤቱ ቋንቋ ጠቀመው። በ1920 እግር የሌለውን ወንበዴ ሆኖ ለመጫወት እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ አስሮ በጉልበቱ ሄደ። በ1923 የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ጎባጣ ደወል ደዋይ፣ በ1925 ደግሞ በኦፔራ ቤት ምድር ቤት የሚኖረው ባለ ጭምብል ሰው ሆነ። መልኩን በቀለምና በሰም የሚለዋውጠው ራሱ ነበር። ጎባጣውን መጀመሪያ የፈራ ተመልካች በመጨረሻ ያዝንለታል፤ እኔም ፊልሙን ባየሁ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው።

ሲኒማ መናገር በጀመረ ጊዜ ሎን ቼኒ በ1930 አንድ የሚናገር ፊልም ሠራ፤ በእርሱም በአምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ተናገረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን በካንሰር በሽታ በ47 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ድምፁ ጠፍቶ ስለ ነበረ ከቤተ ሰቡ ጋር የተነጋገረው በልጅነቱ በተማረው የእጅ ምልክት ነበር።

እኛም ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንለያይ ተማሪዎች፣ በየቤታችን ችግር ያስተማረንን ሙያ አንናቀው። ሎን ቼኒ የታመመች እናቱን ለማጫወት የተማረው ጥበብ ስሙን እስከ ዛሬ አስጠርቶታል።