የሬንዋር ጣቶች፦ ስለ መገጣጠሚያ ሕመም የአንድ ሰዓሊ ሕይወት የሚያስተምረን

ጠዋት ከአልጋዎ ሲነሱ ጣቶችዎ አልታዘዝ ብለውዎት ያውቃሉ? ሲኒ ለማንሳት ወይም የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ እጅዎን እያፍታቱ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚጠብቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ሕመም ብርድ ነው ወይም ዕድሜ ነው ብለን እናልፈዋለን። ሕመሙ በጊዜው ሳይታከም ሲቀር ወዴት እንደሚያደርስ የአንድ ሰው ሕይወት በግልጽ ያሳየናል። ሰውየው እጁ እንጀራው የነበረው ፈረንሳዊ ሰዓሊ ፒየር ኦጉስት ሬንዋር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚያገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬንዋር በ1841 ሊሞዥ በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ሲሆን ቤተሰቡ ገና በልጅነቱ ወደ ፓሪስ መጣ። በ13 ዓመቱ በሸክላ ዕቃ ላይ ሥዕል መሳል ለመማር በአንድ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ረቂቅ አበባና ቅጠል በስስ ሳህን ላይ መሳል ጣቶቹን ከልጅነቱ ጀምሮ አሠለጠናቸው። በ20ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ በሰዓሊው ቻርልስ ግሌር ዘንድ ሲማር ከክሎድ ሞኔና ከአልፍሬድ ሲስሌ ጋር ተዋወቀ። በ1874 እነዚህ ጓደኛሞች ሥራዎቻቸውን በአንድነት ለሕዝብ አሳዩ። በኋላ ኢምፕሬሽኒዝም የተባለው የአሣሣል ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ዐውደ ርዕይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳለው የፓሪስ ወጣቶች የጭፈራ ሥዕል ዛሬ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

የሬንዋር ሕመም የጀመረው 50 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በ1892 ገደማ ነው። መጀመሪያ መጥቶ የሚሄድ ሕመም ነበር። በ1897 ኤሶይ በምትባለው የባለቤቱ የትውልድ መንደር ከብስክሌት ወድቆ ቀኝ ክንዱን ሰበረ። ስብራቱ ዳነ፤ የመገጣጠሚያዎቹ ሕመም ግን ከዚያ በኋላ እየከፋ ሄደ። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጠፉ፤ የቀኝ ትከሻው እንደ ልብ መንቀሳቀስ አልቻለም፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱም ተከተሉ። የዘመናችን ሐኪሞች ፎቶግራፎቹን፣ ደብዳቤዎቹንና የቅርብ ሰዎቹን ምስክርነት መርምረው ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነበር ይላሉ።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ እንመልከት። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ቦታ የአጥንቶቹን ጫፍ ለስላሳ ልም አጥንት ይሸፍነዋል። መገጣጠሚያውን የሚከበው ከረጢት በውስጡ ስስ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን የእንቁላል ነጭ የሚመስል ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ የሞተር ዘይት ለሞተር እንደሚሠራው ሁሉ አጥንቶቹ ሳይፋጩ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ዝልግልግ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ሃያሉሮኒክ አሲድ ይባላል።

ሬንዋር ይህን ስም አልሰማም። ንጥረ ነገሩ የታወቀው እሱ ከሞተ 15 ዓመት በኋላ ነው። በ1934 በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ከላም ዓይን ውስጥ ካለው እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ለይተው አወጡት። የስሙ የመጀመሪያ ክፍልም መስተዋት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በአንድ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ 15 ግራም ያህል ሃያሉሮኒክ አሲድ አለ። ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በቆዳ ውስጥ ነው። ሰውነታችን በየቀኑ ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን እያፈረሰ በአዲስ ይተካል።

በሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሆነው ይህ ነው። ከበሽታ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ የመገጣጠሚያውን ስስ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ብዙ ፈሳሽ ያፈልቃል። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ይሰባበራል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ውሃ ይመስላል። ቁጣው ካልቆመ ልም አጥንቱን፣ ቀጥሎም አጥንቱን ይበላል፤ ጅማቶች ይላላሉ፣ ጣቶች ይጣመማሉ። ስለዚህ የፈሳሹ መቅጠን የበሽታው ውጤት እንጂ መንሥኤው አይደለም። ይህን ነጥብ ያስታውሱ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሬንዋር ያገኘው ሕክምና የዘመኑን ያህል ነበር። የሕመም ማስታገሻ ወሰደ፣ ፍል ውሃ ወዳለበት ቡርቦን ሌ ባን ወደተባለ ቦታ ሄደ። ቅዝቃዜን ለመሸሽ ብሎ ኑሮውን ወደ ደቡብ ፈረንሳይ አዛወረ። በ1907 ካኝ በምትባለው የባሕር ዳር አካባቢ የወይራ ዛፎች ያሉበት ርስት ገዝቶ ቤት ሠራ። ሙቀትና ፍል ውሃ ሕመም ያስታግሳሉ፤ የተቆጣውን የመከላከያ ሥርዓት ግን አያበርዱም። ስለዚህ በሽታው መንገዱን ቀጠለ።

የሬንዋር ታሪክ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ዣን እንደጻፈው፣ አባቱ ጣቶቹ እንዳይተሳሰሩ ጠዋት ጠዋት ትናንሽ ኳሶችን ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልብ ነበር። ይህ ሲያቅተው ሌላ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ብሩሽ ማንሳት ሲሳነው ሌላ ሰው በጣቶቹ መካከል ያስገባለታል። ብሩሹ ከእጁ ጋር ታስሮ ነበር የሚል ወሬ በብዙ ቦታ ይሰማል። ትክክለኛው ነገር ግን መዳፉ በጨርቅ ይጠቀለል የነበረው የሳሳ ቆዳው እንዳይቆስል ነው። ትልቅ ሸራ ላይ እንደ ልቡ መዘርጋት ስላልቻለ ሸራው በጥቅል ላይ ሆኖ ወደ እሱ እንዲዞር ተደረገለት። በ1915 በተነሣ ፊልም ላይ በዚያ እጁ ሲስል እስከ ዛሬ ይታያል።

በ1912 ሬንዋር መራመድ አቃተው። በዚያ ወቅት አንድ ሐኪም አበረታትቶ ጥቂት እርምጃ እንዲሄድ አድርጎት እንደነበር ዣን ጽፏል። ሰዓሊው ግን መራመድ ያለ የሌለ ኃይሉን ሁሉ እንደሚወስድበት ተረዳና ኃይሉን ለሥዕል ማቆየት መረጠ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። ከ1913 ጀምሮ ደግሞ ሪሻር ጊኖ የተባለ ወጣት ቀራጭ እጆቹን አዋሰው። ሬንዋር እያየና እየመራ ጊኖ ሐውልቶቹን ቀረጸ። በዚሁ ዘመን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፒየርና ዣን የተባሉ ሁለት ልጆቹን ክፉኛ አቆሰለ፤ በ1915 ባለቤቱ አሊን ሞተች። ሬንዋር ግን መሳሉን አልተወም። በ1919፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት፣ በወንበር ተይዞ የሉቭር ሙዚየምን ጎበኘ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በ78 ዓመቱ አረፈ።

ውድ አንባቢ፣ የሬንዋርን ጽናት ስናደንቅ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። እሱ የታገሠው ምርጫ ስላልነበረው ነው። ዛሬ ግን ምርጫ አለ። በ1948 ኮርቲዞን ለዚህ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። በ1980ዎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ በትንሽ መጠን የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ዋናው መድኃኒት ሆነ። ይህ መድኃኒት ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ የተቆጣውን የመከላከያ ሥርዓት አብርዶ አጥንቱ እንዳይበላ ይከላከላል። የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲጀመር ነው። አንዴ የተጣመመ ጣት በመድኃኒት አይቃናም። በሳምንት አንዴ የታዘዘውን በየቀኑ መዋጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ነፍሰ ጡርም ልትወስደው አይገባም። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝና በደም ምርመራ ክትትል ብቻ ይወሰዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ይኖሩ ነበር፤ 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ከዚህ በጣም የሚበዛው ሌላው ዓይነት፣ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ነው። በዚያው ዓመት 528 ሚሊዮን ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃውም ጉልበትን ነው። እዚህኛው ላይ ልም አጥንቱ በዕድሜ፣ በክብደት ወይም በቀድሞ ጉዳት ምክንያት ይሳሳል።

ሁለቱን እንዴት ይለያሉ? ሩማቶይድ አርትራይተስ ብዙውን ጊዜ በእጅና በእግር ትናንሽ መገጣጠሚያዎች፣ በግራም በቀኝም ይጀምራል። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ሲነካ ይሞቃል፤ የጠዋቱ መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ድካምም አብሮ ይመጣል። ኦስቲዮአርትራይተስ ግን በእንቅስቃሴ ይብሳል፣ በዕረፍት ይቀላል፤ የጠዋቱ መተሳሰርም ቶሎ ይለቃል።

አሁን ወደ ሃያሉሮኒክ አሲድ እንመለስ። በጉልበት ውስጥ የሚወጋው መርፌ የተሠራው ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የሬንዋርን በሽታ አያድንም፤ ምክንያቱም የሚቀጥነውን ፈሳሽ እንጂ የሚያቀጥነውን ቁጣ አይነካም። ለኦስቲዮአርትራይተስ እንኳ ቢሆን ጥቅሙ አከራካሪ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ለጉልበት ባይሰጥ ይሻላል ብሏል፤ ለዳሌ መገጣጠሚያ ደግሞ አጥብቆ ይቃወመዋል። በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም የሕመም ቅነሳው ታማሚው በኑሮው ከሚሰማው መጠን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አንዳንድ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እፎይታ ሊያገኝ ይችላል፤ ያለቀ ልም አጥንት ግን አይበቅልም። በእንክብል መልክ የሚሸጠውም የአካል ብቃት እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስን አይተካም።

የቆዳውስ ጉዳይ? ዕድሜ ሲገፋ በቆዳ የላይኛው ክፍል ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ይቀንሳል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሳሳል። ይህን ንጥረ ነገር የያዘ ቅባት የቆዳውን ላይ አርጥቦ ለጊዜው ለስላሳ ያደርገዋል። ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ግን ወደ ጥልቀት ብዙም አይገባም፤ መጨማደድንም አያጠፋም። ፊለር በሚል ስም በፊት ላይ የሚወጋው ደግሞ በስሕተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ስለሚችል የሠለጠነ ሐኪም ሥራ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 ፊለርን ያለ መርፌ በግፊት በሚያስገቡ መሣሪያዎች እንዳይጠቀሙ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቆዳን ከእርጅና በይበልጥ የሚጠብቁት ከኃይለኛ ፀሐይ መከለልና ሲጋራ አለማጨስ ናቸው። ሲጋራ ሩማቶይድ አርትራይተስንም ያባብሳል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? መገጣጠሚያዎ ካበጠ ወይም የጠዋቱ መተሳሰር ለሳምንታት ከቀጠለ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የደም ምርመራና እንደ አስፈላጊነቱ ራጅ ይታዘዝልዎታል። ስድስት ሳምንት ያለፈውን እብጠት ከዚያ በላይ አያቆዩ። ያበጠና የሚሞቅ መገጣጠሚያ በኃይል አይታሽ። ለሕመሙ ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛ ስቴሮይድ አይውሰዱ፤ ሕመሙን ደብቆ አጥንት ያሳሳል፣ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል። ሕክምናዎን እየተከታተሉ በየቀኑ አቅምዎ በሚፈቅደው መጠን ይንቀሳቀሱ፤ ጣቶችዎን ያፍታቱ፣ በእግርዎ ይሂዱ። መያዝ የሚያስቸግርዎትን ማንኪያ ወይም መጥረጊያ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት፤ ከባዱን ዕቃ በሁለት እጅ ያንሱ።

በቤትዎ ውስጥ ጣቶቻቸው የጎበጡ እናት ወይም አባት ካሉ ደግሞ ዕድሜ ነው ብለው አይተዉአቸው። ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ የሚወዱትንም ሥራ በሚችሉት መንገድ እንዲሠሩ ያግዟቸው። ለሬንዋር በጣቶቹ መካከል ብሩሹን የሚያስገባለት ሰው ነበረው፤ ያጣው በጊዜ የሚደርስ መድኃኒት ነው። ለእርስዎ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉና ቀኑን አያሳልፉ።