ክሎድ በርናርና የአንገት ነርቭ

ባለፈው ክረምት አክስቴ እንቅርቷን በኦፕራሲዮን አስወጥታ ወደ ቤት ስትመለስ የግራ ዓይኗ ቆብ ዝቅ ብሎ፥ ብሌኑም ከቀኙ አንሶ አየሁ። ቢላዋ ያረፈው በአንገቷ ላይ ሲሆን ዓይኗ ምን ነካው ብዬ የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ብጠይቃቸው የክሎድ በርናርን ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ። ያገኘሁትን እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ክሎድ በርናር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1813 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፥ ሳን ዡልየን በምትባል መንደር ከወይን ተካዮች ቤት ተወለደ። በሊዮን ከተማ በመድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ልቡ በቲያትር ላይ ነበረ። በ1834 የጻፈውን ድርሰት ይዞ ፓሪስ ቢገባ አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር አይተው መጀመሪያ እንጀራ የሚሰጥ ሙያ እንዲይዝ መከሩት፤ እርሱም ሕክምና ገባ። በፈተና ከጎበዞቹ የሚቆጠር አልነበረም፤ ይህ ለአንዳንዶቻችን የምሥራች ነው። ማዣንዲ ለሚባለው ሊቅ ረዳት ከሆነ በኋላ ግን የእጁ ብልሃት ታወቀለት።

በ1851 የጥንቸል አንገት ከፍቶ ሲምፓቲክ የሚባለውን ነርቭ በአንድ ወገን ቆረጠ። ነርቭ ሙቀት ይሰጣል ብሎ ያምን ስለ ነበረ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል ብሎ ጠበቀ። ጆሮዋ ግን ቀላ፥ ሲዳሰስም ከሌላው ይልቅ ሞቀ። በርናር የራሱን ሐሳብ ትቶ የጥንቸሏን ጆሮ አመነ። ነርቩ የደም ሥሮችን አጥብቆ ይይዝ ኖሯል፤ ሲቆረጥ ሥሮቹ ይሰፋሉ፥ ደምም ይሞላባቸዋል። በዚያው ወገን የዓይኗ ብሌን ጠበበ። ሆርነር የተባለ የስዊስ የዓይን ሐኪም በ1869 ይህንኑ ምልክት በአንዲት ሴት ላይ አይቶ ስለ ጻፈ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ፈረንሳዮች ግን የበርናርን ስም ይጨምሩበታል።

ይህ ነርቭ በአንገት ግራና ቀኝ፥ ወደ ራስ ደም ከሚያደርሰው ትልቅ የደም ሥር በስተ ኋላ፥ በአከርካሪው ፊት ባሉት ጡንቻዎች ላይ ተኝቶ ያልፋል። በመንገዱ ሁለት ወይም ሦስት ቋጠሮዎች አሉት። እንቅርት የሚያወጣ ሐኪም ሥጋውን ሲስብ ወይም የሚፈስ ደም ሲያቆም ሊነካው ይችላል፤ ይህም አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነው። ቦታውን አስቀድሞ ያወቀ ሐኪም ይጠነቀቅለታል፤ የዓይን ቆብ ዝቅ ብሎ ሲያይም የተነካው የትኛው ነርቭ እንደ ሆነ ያውቃል።

በርናር በ1878 ሲሞት የፈረንሳይ መንግሥት በክብር ቀበረው። በቤቱ ግን ሰላም አልነበረውም። ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ በእንስሳት ላይ የሚያደርገውን ሙከራ ይጠሉ ነበር፤ በመጨረሻም ከሚስቱ ተለያየ።

የአክስቴ ዓይን አሁን ጥቂት ከፍ ብሏል። ይህን ሁሉ ባጫውታት ከሚስቲቱ ጋር ወገነች፤ ያሳዘነቻትም ጥንቸሏ ናት።