ቶማስ ቢዊክና የምዕራፍ መዝጊያ ሥዕሎቹ

መጽሐፍ ሲታተም ምዕራፉ በገጹ አጋማሽ ላይ ያለቀ እንደ ሆነ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይቀራል። የቀድሞ አታሚዎች ይህን ባዶ ቦታ በአበባና በሌላም ጌጥ ይሸፍኑት ነበር። እንግሊዛዊው የእንጨት ቅርጽ ሠሪ ቶማስ ቢዊክ ግን የድኻ ኑሮና የእንስሳ መከራ ይታይበት ዘንድ አደረገው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቢዊክ በ1753 ዓ. ም. በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ በኖርዘምበርላንድ፥ ቼሪበርን በሚባል የእርሻ ቤት ተወለደ። አባቱ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ፥ ደግሞም ትንሽ የከሰል ድንጋይ ጕድጓድ የሚያሠራ ሰው ነበረ። ልጁ ከታይን ወንዝ ማዶ በኦቪንጃም ደብር በቄሱ ዘንድ ሲማር የመጻሕፍቱን ኅዳግ በሥዕል ሞላው፤ ኅዳጉ ባልበቃው ጊዜም በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወለልና በመቃብር ድንጋዮች ላይ በጠመኔ ይሥል ነበር። በ1767 ዓ. ም.፥ በ14 ዓመት ዕድሜው፥ በኒውካስል ከተማ ለነበረው ለቅርጽ ሠሪው ለራልፍ ቢልቢ 7 ዓመት ሊያገለግልና ሙያ ሊማር ተሰጠ።

በዚያን ዘመን የእንጨት ቅርጽ የተናቀ ሥራ ነበረ። ቢዊክ ግን ቡክስ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት አግድም አስቈርጦ፥ በተቈረጠው ፊቱ ላይ መዳብ በሚቀረጽበት ስለታም መሣሪያ ይቀርጽ ጀመር። የተፋቀው መስመር ነጭ፥ ያልተነካው ጥቁር ሆኖ ስለሚታተም የወፍ ላባ እንኳ ተለይቶ ይታይ ነበር። በ1775 ዓ. ም. ከለንደን የኪነ ጥበብ ማኅበር 7 ጊኒ በተሸለመ ጊዜ ገንዘቡን ለእናቱ ሰጠ።

በ1790 ዓ. ም. የአራት እግር እንስሳት ታሪክ፥ በ1797 እና በ1804 ዓ. ም. ደግሞ የብሪታንያ ወፎች ታሪክ በሁለት ክፍል ታትሞ ወጣ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የመዝጊያ ሥዕሎቹ ከመዳፍ የማይሰፉ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ታሪክ ይናገራሉ። አንድ ሰው የድልድይ ቀረጥ ላለመክፈል ሲል የላሙን ጅራት ይዞ ወንዝ ይሻገራል፤ ባርኔጣውን ግን ያጣል። አንድ ሕፃን የፈረስ ጅራት ይጐትታል፤ አደጋውን ያየችው ሴት በድንጋጤ ትሮጣለች። የተራበች በግ በበረዶ መካከል ግልገሏን እያጠባች አሮጌ መጥረጊያ ትግጣለች። ተመልካቹ በፊተኛው ይሥቃል፥ በኋለኛው ያዝናል፤ ፍርዱም ለራሱ ይተውለታል።

ቢዊክ በእርጅናው የራሱን የሕይወት ታሪክ ጻፈ፤ መጽሐፉን ልጁ ጄን በ1862 ዓ. ም. አሳተመችው። ለመዝጊያውም ቼሪበርንን ቀረጸ፤ ቀባሪዎች ሬሣ ተሸክመው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፥ ወደ ኦቪንጃም የሚያሻግር ጀልባ ሲጠብቃቸው ይታያል። የመጨረሻ ትልቅ ሥራው ግን በጉልበቱ ሲያገለግል ኖሮ ሞቱን የሚጠብቅ የከሳ ሽማግሌ ፈረስ ነበረ። ይህን ሥራ ሳይፈጽም ኅዳር ወር በገባ በ8ኛው ቀን፥ በ1828 ዓ. ም. ዐረፈ፤ በኦቪንጃም ደብር ከሚስቱ ከኢዛቤላ ጋር ተቀበረ።