ፕሮፌሰር ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ፦ የሕንድ ብሔራዊ የናሙና ጥናት መሥራች

ፕሮፌሰር ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ ጁን 29 ቀን 1893 በካልካታ ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በትምህርታቸው የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ በካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ እንግሊዝ ሀገር ተሻግረው በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ተምረዋል። ወደ ስታቲስቲክስ የሳባቸው አጋጣሚ ነው። በ1915 ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲነሡ የዓለም ጦርነቱ ጉዟቸውን ስላዘገየው፣ በመጠባበቅ ላይ ሳሉ አንድ መምህራቸው ባዮሜትሪካ የተባለውን መጽሔት አሳዩዋቸው። ጥራዞቹን ገዝተው በመርከብ ላይ እያነበቡ ተመለሱ።

በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ እያስተማሩ ጎን ለጎን ያቋቋሙት አነስተኛ የስታቲስቲክስ ላቦራቶሪ፣ በ1931 ለተመሠረተው የሕንድ ስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት መነሻ ሆነ።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው ግን በእርሻ ማሳ ላይ ነው። ቤንጋል ጆንያ የሚሠራበትን የጁት ቃጫ ለዓለም ገበያ የምታቀርብ ግዛት ብትሆንም፣ በየዓመቱ ምን ያህል መሬት በጁት እንደተሸፈነ በአስተማማኝ የሚያውቅ አልነበረም። በሌሎች የሕንድ ግዛቶች የሰብል መዝገብ የሚይዙ የመንደር ሹማምንት ሲኖሩ፣ በቤንጋል የመሬት ግብሩ ሥርዓት የተለየ ስለነበር እንዲህ ያለ ሠራተኛ አልነበረም። ማሃላኖቢስ ከ1937 ጀምሮ ማሳዎችን በዕጣ እየመረጡ የናሙና ጥናት አካሄዱ። በኋላም መንግሥት ማሳዎቹን አንድ በአንድ ባስቆጠረ ጊዜ የሁለቱ ውጤት ለንጽጽር ቀረበ፤ ከንግዱ መዝገብ ጋር የተቀራረበው እጅግ ባነሰ ወጪ የተሠራው ናሙና ነበር። ሙሉው ቆጠራ በብዙ አንሶ ተገኘ። በጥድፊያ የተቀጠሩ፣ በቂ ሥልጠናና ተቆጣጣሪ የሌላቸው በርካታ ቆጣሪዎች የሚፈጥሩት ስሕተት፣ ጥቂቱን በዕጣ መርጦ በጥንቃቄ ከመለካት ከሚመጣው ስሕተት ሊበልጥ እንደሚችል በተግባር ታየ።

በመረጃ ጥራት ረገድ ትልቁ አስተዋጽኦዋቸው ከዚህ ልምድ የመነጨ ነው። ናሙናውን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ንዑስ ናሙናዎች ይከፍሉና እያንዳንዱን ለተለየ የመስክ ቡድን ይሰጣሉ። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ አካባቢ ይሠራሉ፣ ግን አይገናኙም። ውጤታቸው ከተቀራረበ መረጃው ይታመናል፤ ከተራራቀ ደግሞ አንደኛው ቡድን በትክክል አልሠራም፣ ወይም መጠይቁ ራሱ ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ስሕተቱ ሪፖርት ከታተመ በኋላ ሳይሆን፣ መረጃ ሰብሳቢው ገና ከመስክ ሳይርቅ ይታወቃል።

የ1943ቱ የቤንጋል ረሃብ ጥናቱን ከማሳ ወደ ቤተሰብ አሻገረው። ኢንስቲትዩቱ ረሃቡ በገጠር ቤተሰቦች ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ ማን መሬቱን እንደሸጠና ማን ለችግር እንደተዳረገ፣ ቤት ለቤት በናሙና አጠና። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ ማሃላኖቢስ በ1949 የመንግሥት የስታቲስቲክስ አማካሪና የብሔራዊ ገቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ኮሚቴው የሀገሪቱን ገቢ ለማስላት ሲነሣ ስለ ገጠሩ ኑሮ ያለው መረጃ እጅግ የሳሳ ሆኖ አገኘው። በ1950 የተቋቋመው ብሔራዊ የናሙና ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነበር። ከኦክቶበር 1950 እስከ ማርች 1951 በተካሄደው የመጀመሪያው ዙር፣ ከግማሽ ሚሊዮን ከሚበልጡት የሕንድ መንደሮች 1,833 ተመረጡ። የመስክ ሠራተኞቹ የሚጠይቁባቸው ቋንቋዎች ብዙ ነበሩ፤ የእህል መለኪያውም፣ በሀገራችን ቁናና ጣሳ እንደሚለያየው ሁሉ፣ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር።

አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ደግሞ ነበር፦ ቤተሰቡ የበላውን እንዲያስታውስ የሚጠየቀው ባለፈው ሳምንት ነው ወይስ ባለፈው ወር? የሳምንቱ ጥያቄ ከፍ ያለ የፍጆታ መጠን፣ የወሩ ጥያቄ ዝቅ ያለ መጠን ይሰጥ ነበር። ማሃላኖቢስ ጉዳዩን በግምት አላለፉትም። በምዕራብ ቤንጋል ቤተሰቦች ዘንድ ፍጆታው በሚዛን ተለክቶ ከሁለቱ መልሶች ጋር እንዲነጻጸር ተደረገ። እንደ ሩዝ ባሉ ዋና ምግቦች ወደ ሚዛኑ የቀረበው የወሩ መልስ ሆኖ ስለተገኘ፣ የሠላሳ ቀን ጥያቄ የጥናቱ ሥርዓት ሆኖ ጸና።

ሰውየው ያለ ተቀናቃኝ አልኖሩም። ለሰብል ልኬት በሚቆረጠው ቦታ ስፋት ላይ ከሌላው ታዋቂ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከፒ. ቪ. ሱክሃትሜ ጋር ረጅም ክርክር ገጥመዋል፤ ትንሽ ቦታ ሲቆረጥ ምርቱ ከእውነተኛው በልጦ እንደሚታይ ባደረገው ክርክር ሱክሃትሜ ጠንካራ መከራከሪያ ነበረው። ለከባድ ኢንዱስትሪ ቅድሚያ የሰጠው የሁለተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ንድፋቸውም እስከ ዛሬ ይተቻል። የናሙና ጥናቱ ግን ከዕቅዱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ማሃላኖቢስ 79ኛ የልደት ቀናቸው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጁን 28 ቀን 1972 ዐረፉ። ከ2007 ጀምሮ ጁን 29 በሕንድ የስታቲስቲክስ ቀን ሆኖ ይከበራል። ከ1999 እስከ 2000 በተካሄደው ዙር የሳምንቱና የወሩ ጥያቄ ለምግብ ፍጆታ ጎን ለጎን በአንድ መጠይቅ ቀረቡ። አንዱ መልስ ሌላውን ሳይጎትተው አልቀረም በሚል የድሆች ቁጥር በእርግጥ ቀንሶ እንደሆነ ወይም መጠይቁ እንዳሳነሰው ምሁራን ለዓመታት ተከራከሩበት።